የመንገደኛ ፈረንሳይኛ

በ1908 ሮም ከተማ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዕሱ በፈረንሳይኛ «ጊድ ዱ ቯያዠር አን አቢሲኒ» ይላል፤ «የአቢሲኒያ መንገደኛ መምሪያ» እንደማለት ነው። ደራሲው የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳትመው የአማርኛ ልብ ወለድ አባት ለመባል የበቁት ሰው መሆናቸው ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ መጽሐፉ የቋንቋ መማሪያ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ እንግዳ አገራችን ሲገባ የሚያስፈልገውን አማርኛ በጥያቄና መልስ ያስተምራል። ነገር ግን ንግግሩ እየገፋ ሲሄድ ጉዳዩ ከማደሪያና ከበቅሎ ኪራይ ያልፍና የጉምሩክ ሠራተኛውን፣ ሹሙን፣ ወታደሩን ወደ መውቀስ ይዞራል። በአደባባይ ሊነገር የማይደፈረው የምኒልክ አስተዳደር ሂስ በመንገደኛ ጨዋታ ተሸፍኖ ወጣ። በእኔ ግምት ከዚያ ወዲህ በተጻፉ የቋንቋ መማሪያዎች ሁሉ ይህን ያህል ድፍረት አልታየም። ታሪክም መቀለድ ትወዳለችና፣ ጉምሩክን እንዲያ አድርገው የተቹት አፈወርቅ ከዓመታት በኋላ በባቡሩ ከተማ በድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የጉምሩክ አለቃ ሆነው ተሾሙ።

ከአፈወርቅ በፊትም ተመሳሳይ ሥራ ነበር። ካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1891 ፓሪስ ላይ አንድ ተግባራዊ የአማርኛ መማሪያ አሳትሟል፤ መጽሐፉ የተዘጋጀው ለአገር አሳሾችና ለነጋዴዎች እንደሆነ ከርዕሱ ላይ ተጽፏል። በ1929 ደግሞ አባ ቤትማን የተባሉ ሚሲዮናዊ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላታቸውን ድሬዳዋ በሚገኘው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት አወጡ። አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እነዚህ መጻሕፍት በቅድሚያ የታሰቡት ለመጪው እንግዳ ነው። ወደ ባሕር ለሚወርደው ኢትዮጵያዊስ ማን መምሪያ ጻፈለት?

ለእሱ መምሪያው ባቡሩ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1917 ቆየ። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት በቀን ብቻ ይሄድ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ቲኬት ሻጩ፣ ተቆጣጣሪው፣ የጣቢያው ምግብ ቤት፣ የዕቃው ደረሰኝ ሁሉ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ነው። በሦስት ቀን «ቦንዡር»ን፣ «ኮምቢየን»ን፣ «መርሲ»ን ያልለመደ ጆሮ ካለ የደነቆረ መሆን አለበት።

ይሁን እንጂ ነገሩ የሰላምታ ብቻ አልነበረም። በ1902 መጀመሪያ የፈረንሳይ መንግሥት ከባቡር ኩባንያው ጋር ስምምነት ተፈራርሞ በሐዲዱ ላይ እጁን ሲያስገባ፣ ምኒልክ የሰጡት የንግድ ፈቃድ በሌሎች ዘንድ ወደ ፖለቲካ ውል ተለውጦ አገኙት። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥተው ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ በተደረገው በዓል ላይ ሳይገኙ ቀሩ። ኩባንያው ከሰረ፤ በምትኩም ሌላ ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ መሐል ውሉ የሚጻፈው፣ ደብዳቤው የሚመላለሰው በፈረንሳይኛ ነበር። የራስን ጉዳይ በባዕድ አስተርጓሚ አፍ መስማት ምን ያህል እንደሚያሰጋ ቤተ መንግሥቱ በሚገባ አይቷል። በ1908 የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ግብፃውያን መምህራን አስመጥቶ ቋንቋ፣ በተለይም ፈረንሳይኛ ማስተማሩ እንግዲህ ለጌጥ አልነበረም። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ለፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ነበር።

ራሳቸው ተፈሪ ፈረንሳይኛን የቀሰሙት በልጅነታቸው ሐረር ላይ ነው፤ ከመምህሮቻቸው አንዱ የጓድሉፑ ተወላጅ ሐኪም ዶክተር ቪታልየን ነበሩ። እኚህ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ንጉሠ ነገሥት በ1936 ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ግን ንግግራቸውን ያደረጉት በአማርኛ ነበር። ፈረንሳይኛ የማኅበሩ የሥራ ቋንቋ ነበር፤ ተናግረውት ቢሆን አዳራሹ ያለ አስተርጓሚ ይሰማቸው ነበር።

ወደ ተራው መንገደኛ እንመለስ። ፈረንሳይኛ ለአማርኛ ተናጋሪ አንዳንድ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል። «ዥ» ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዥረትና ዥጉርጉር አለን። «ኝ»ም እንዲሁ ነው። ለአክብሮት «እርስዎ» ማለት የለመደ ሰው «ቩ» ለምን እንደሚባል ማንም ሊያስረዳው አያሻውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከንፈርን እንደ «ኡ» አሹሎ፣ ምላስን ግን እንደ «ኢ» አድርጎ የሚወጣው ድምፅ የለንም። ስለዚህ መንገድ ለመጠየቅ «ሩ» ስንል ፈረንሳዩ የሚሰማው «መንኰራኵር» ነው። በአፍንጫ የሚነገሩትም ያስቸግራሉ፤ ወይን ጠጅም፣ ሃያም፣ ነፋስም ለጆሯችን «ቫን» ናቸው። (ወይንና ሃያ ለፈረንሳዩም አንድ ድምፅ ስለሆኑ በዚህኛው እንኳ አንፈር።) ከሁሉ የሚብሰው ቁጥሩ ነው። ሰባ «ስልሳ አሥር»፣ ሰማንያ «አራት ሃያ»፣ ዘጠና «አራት ሃያ አሥር» ይባላል። ጅቡቲ ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ለመረዳት መደመርና ማባዛት አለበት።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በጆሮ የተማረ ሰው የሚማረው የተነገረውን ነው። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ነጩ ጌታ አገሬውን በ«ቩ» ሳይሆን በ«አንተ» መጥራቱ የታወቀ ልማድ ነበር። ተሸካሚውም ሆነ አሽከሩ የሚሰማው ይህንን ነው፤ እሱም መልሶ ጌታውን «አንተ» ቢለው ስድብ ሆኖ ይቆጠርበታል። መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ከዚህ ይድናል። ጨዋ ፈረንሳይኛ የሚባለውን የፈለገ ሰው አስቀድሞ «ቦንዡር» ሳይል ጥያቄ እንዳይጀምር፣ «እፈልጋለሁ» በማለት ፈንታም «ዠ ቩድሬ»፣ ማለትም «ፈልጌ ነበር» እንዲል እመክራለሁ። ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይህ ብዙ አይከብድም።

ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤቱንም መሥሪያ ቤቱንም ወረሰው። በ1947 የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም ፈረንሳይኛን ለከተማ ልጆች ሲያቆይ፣ ባቡሩ ደግሞ በጽሕፈት ቤቱና በጥገና ክፍሉ አቆየው። ሕዝቡ ግን ሰዋስውን ትቶ ቃላቱን ብቻ ለቅሞ ወሰደ። የዕቃ መጫኛውን ፉርጎ አለው። ምግብ ቤቱን ቡፌ አለው። የሐዲዱን ድርጅት ሽመንደፈር ብሎ ጠራ። ሾፌር፣ ጋራዥና ቢሮም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ የገቡበት በር ግን ልዩ ልዩ ነው። ለገሃር ደግሞ ከሁሉ ይለያል። «ላ ጋር» ትርጉሙ «ጣቢያው» ነው። ለገጣፎንና ለገዳዲን የለመደ የአዲስ አበባ ጆሮ ግን የኦሮምኛ የወንዝ ስም አስመስሎ አገር በቀል አደረገው።

አሮጌው ባቡር በየተራ እየተቋረጠ ቆመ። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ጣቢያውም ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው። ባቡር ሳይኖርበትም ታክሲ ረዳቱ ለገሃርን መጥራቱን አልተወም። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ብትወጣም ፈረንሳይኛን ከዓረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ይዛለች፤ ስለዚህ ወደ ወደቡ የሚወርደው የከባድ መኪና ሾፌር አሁንም በወረቀቱ ላይ ያገኘዋል። ከዚያም ርቆ የሄደው አንድ ሐረግ አለ። ከሳውዲ ዓረቢያ ያለ ፓስፖርት የሚመለስ ወገናችን ከኤምባሲ የሚሰጠው፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግለው ወረቀት ሊሴ ፓሴ ይባላል። ፍቺው «ተዉት፣ ይለፍ» ነው።