ሕዋስ ሲከፈል ያየው ሐኪም

የታቀፈ የዶሮ እንቁላል ሁለተኛ ቀኑን ሲጨርስ ገና ጫጩት የሚባል ነገር የለውም። ቅርፊቱን በጥንቃቄ ለከፈተ ሰው አስኳሉ ላይ የሚታየው አንድ ነጣ ያለ ነጠብጣብና ዙሪያውን የተዘረጉ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ብቻ ናቸው። ልብ ግን መምታት ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ1841 በርሊን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሐኪም ሮበርት ሬማክ የዶሮ ጽንስ ደም ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ሲመለከት አንዳንዶቹ ቀይ የደም ሕዋሳት ሁለት ሁለት ኒውክለስ ይዘው አገኛቸው። ሌሎቹ ደግሞ ወገባቸው ላይ እንደ ቅል ጠበዋል፤ ሁለቱን ኒውክለሶች የሚያያይዘው አንድ ቀጭን ክር ብቻ ነው። ሬማክ አንዱ ሕዋስ ሁለት ሲሆን እያየ ነበር።

የዶሮ ደም መምረጡ በጅቶታል። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ በስሎ ወደ ደም ሥር የሚገባው ኒውክለሱን ጥሎ ነው፤ የወፎች ግን ኒውክለሱን እንደያዘ ይኖራል። በዚያ ላይ በጽንሱ ውስጥ ደሙ እየተዘዋወረም ሕዋሳቱ ይባዛሉ። የጎልማሳ ሰው ደም ላይ ቢያፈጥ ኖሮ ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥም ይህን ባላየ ነበር።

በዚያን ጊዜ ስለ ሕዋስ አመጣጥ የሚታመነው ሌላ ነበር። ሕዋስን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል ያሳየው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ የቡሽ ስስ ልጣጭ ውስጥ ያያቸውን ባዶ ክፍሎች ቆጥሮ፣ በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ውስጥ ከ1.2 ቢሊዮን በላይ እንደሚገኙ አስልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ170 ዓመት በላይ አለፈ። ማቲያስ ሽላይደን በ1838 ስለ ዕፅዋት፣ ቴዎዶር ሽቫን በ1839 ስለ እንስሳት ጽፈው ሣሩም ሣሩን የሚግጠው በሬም ከሕዋሳት የተሠሩ ናቸው የሚለውን ሐሳብ አጸኑ። ሕዋሱ ራሱ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ሳቱ። ሽላይደን አዲሱ ሕዋስ በነባሩ ውስጥ ካለ ፈሳሽ ይረጋል አለ። ሽቫን አልፎ ሄዶ ከሕዋሳት ውጭ ካለ ቅርጽ አልባ ፈሳሽም፣ ጨው ከጨዋማ ውኃ እንደሚረጋው ሁሉ፣ ረግቶ ይወጣል ብሎ አስተማረ።

ነገሩ የምሁራን ጭቅጭቅ ብቻ አልነበረም። ሕዋስ ከፈሳሽ የሚረጋ ከሆነ ዕጢም ከደም ሥር አፈትልኮ ከወጣ ፈሳሽ ይበቅላል ማለት ነው፤ የዘመኑ ሐኪሞችም ይህንኑ ያስተምሩ ነበር።

ሬማክ እ.ኤ.አ. በ1815 በፖዘን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ፖዝናን የምትባለው ስትሆን ያን ጊዜ የፕሩሲያ ግዛት ነበረች። በርሊን ውስጥ ከታዋቂው ዮሃንስ ሙለር ሥር ሕክምና ተምሮ በ1838 ተመረቀ። በተማሪነቱ በነርቭ ላይ ያገኘው ግኝት ብቻ ለማዕረግ ያበቃው ነበር፤ ሕጉ ግን አላበቃውም። ፕሩሲያ በ1812 ለአይሁድ የከፈተችውን የማስተማር በር በ1822 መልሳ ዘግታዋለች። ሬማክ ክርስትና ቢነሣ የሚያግደው አልነበረም። አሻፈረኝ አለ።

ስለዚህ በሐኪምነት እየሠራ፣ ተማሪዎችን ማይክሮስኮፕ እያስተማረ፣ በሌሎች ላቦራቶሪ ያለ ሹመት ይመራመር ነበር። የሰውየውን ጠባይ ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። ፋቩስ የሚባለው ብርቱ የቆረቆር ዓይነት በፈንገስ የሚመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ከበሽተኛ ራስ የተነሣውን ቅርፊት በገዛ ክንዱ ላይ አጋብቶ በሽታውን በራሱ ላይ አበቀለ። የፈንገሱን ስም ሲያወጣ ግን በራሱ ሳይሆን ይደግፈው በነበረው ሐኪም በሸንላይን ስም ሰየመው።

እንዲያስተምር ይፈቀድለት ዘንድ ለፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም 4ኛ አቤት ብሎ አልተሳካለትም። በኋላ ተመራማሪው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትም ደገፈውና በ1847 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር የተፈቀደለት የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ። ደመወዝ የሌለው፣ ከተማሪ ክፍያ ብቻ የሚኖርበት ቦታ ነበር።

የዶሮውን ደም ካየ በኋላ ሬማክ አልቸኮለም። ምናልባት የደም ብቻ ጠባይ ቢሆንስ? አሥር ዓመት ገደማ ሌሎች የሰውነት ክፍሎችን ሲፈትሽ ቆየ። በተለይ የእንቁራሪት እንቁላል ረድቶታል። በዓይን የሚታይ ነው፤ ከተዳቀለ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ይወጣና ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት እየሆነ ይሄዳል። ስንጥቁ ከ1824 ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ብዙዎች የሕዋስ ክፍፍል ነው ብለው አላሰቡትም። ሬማክ እንቁላሉን በኬሚካል አጠንክሮ ሲቆርጠው ሽፋኑ ወደ ውስጥ እየገባ ሁለቱን ወገን እንደሚለይ አየ። እንቁላሉ ራሱ አንድ ሕዋስ ነው፤ የሚወጣው ሁሉ የዚያ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። በ1852 ሕዋስ የሚገኘው ከሕዋስ ክፍፍል ብቻ መሆኑን፣ በዕጢም ውስጥ ይኸው እንደሚሠራ ጽፎ አወጣ።

ከ1850 እስከ 1855 ባሳተመው ትልቅ ሥራው ደግሞ ክፍፍሉ ወዴት እንደሚያመራ አሳየ። የሚባዙት ሕዋሳት በሦስት ንብርብር ይደራጃሉ። ከላይኛው ቆዳና የነርቭ ሥርዓት፣ ከመካከለኛው ጡንቻ፣ አጥንት፣ ደምና ኩላሊት፣ ከታችኛው የአንጀት ውስጠኛ ልባስ፣ ጉበትና ሳንባ ይወጣሉ። አንጎልና ቆዳ የአንድ ንብርብር ውላጆች መሆናቸው ዛሬም ተማሪን ያስገርማል። በሰው አካል ውስጥ 37 ትሪሊዮን ገደማ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል፤ ያ ሁሉ በኅብረ ሕዋስና በአካል ክፍል የሚደራጀው ከእነዚህ ሦስት ንብርብሮች ተነሥቶ ነው።

በዚሁ በ1855 ሐኪሙ ሩዶልፍ ቪርኾ ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ይወጣል የሚለውን አሳብ በአጭር የላቲን ሐረግ አሠረው። በ1858 ያሳተማቸው ትምህርቶቹም በሽታ ማለት የሕዋስ መታመም ነው ብለው የሕክምናን መንገድ ቀየሩ። ይህ የራሱ ድርሻ ነው፤ በቀላሉ ሌባ ማለት አይገባም። የራሱም ምርመራ ነበረው፤ እሱ ሲናገር የሚሰማ ጉባኤም ነበር። ቢሆንም ከሦስት ዓመት በፊት የታተመውን የሬማክን ጽሑፍ ሳይጠቅስ ማለፉን ማስተባበል ይከብዳል። ለአይሁድ እኩልነት በአደባባይ የሚሟገት ፖለቲከኛ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል።

ቪርኾ በ1856 በበርሊን ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ሬማክ በ1859 የተሰጠው የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ከሕዋስ ምርምር ርቆ ነርቭን በኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ማከም ዞሮ ነበር፤ ስለዚሁ ሕክምና የጻፈው መጽሐፍ በ1858 ታትሟል። በ1865 በባቫሪያዋ የፍል ውኃ ከተማ ኪሲንገን በ50 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ኤርንስት በበርሊን የነርቭ ሐኪም ሆኖ የአባቱን ሙያ ቀጠለ።