ከይለፍ ወረቀት እስከ ቆንስሉ መስኮት፦ የቪዛ ታሪክ ከሽሮ ሜዳ ሲታይ



ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዞ ያያል። አንደኛው የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሠሩት ጥበብና ነጠላ ጉዞ ነው፤ በተጓዥ ሻንጣ ተጠቅልሎ ባሕር ተሻግሮ ለዘመድ ሰርግና ክርስትና ይደርሳል። ሁለተኛው ጉዞ ገና ያልተጀመረ ነው። ማልዶ መጥቶ፣ ማስረጃዎቹን በማኅደር ይዞ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በር ተራውን የሚጠብቅ ሰው ጉዞ ነው። ነጠላው ያለ ቃለ መጠይቅ የሚደርስበት አገር፣ የሸመነው ሰው ለሁለት ሳምንት ሊጎበኘው ቢሻ በቅድሚያ አንድ ነገር ማስረዳት አለበት፤ እንደሚመለስ።

የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው፦ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት መመለሱን እንዲያስረዳ የተገደደው ከመቼ ጀምሮ ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በጥንቱ ሥርዓታችን ጉዞ ነጻ ነበር ማለት አይቻልም። ኬላ ነበረ፤ ይለፍ የሚሰጥ ሹም ነበረ። ሆኖም ለባዕድ መንገደኛ ከመግባት ይልቅ የሚከብደው መውጣት ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ርስትና ትዳር አግኝቶ፣ በክብር ተይዞ ኖረ፤ አገሩ እንዲመለስ ግን አልተፈቀደለትም። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1512 ሲመጡ፣ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እዚሁ አገኘው። የዛሬው ቆንስል እንግዳው እንዳይቀርበት ይሠጋል፤ የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት ግን እንግዳው እንዳይሄድበት ይሠጋ ነበር።

ከአሜሪካ ጋር ያለን የጉዞ ታሪክ በጽሑፍ የሚጀምረው በታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ዳግማዊ ምኒልክ ከመልእክተኛው ከሮበርት ስኪነር ጋር የንግድ ውል ተፈራረሙ። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ የሁለቱ አገሮች ዜጎች፣ የአገሩን ልማድ አክብረውና ለአገሩ ዳኝነት ተገዝተው፣ አንዱ በሌላው ምድር በነጻነት እንዲጓዙና እንዲነግዱ ይፈቅዳል። በተግባር ውቅያኖስ መሻገር የሚችለው ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነበር። ቢሆንም የውሉ መንፈስ ልብ ይባል፤ መንገደኛው ሌላ ነገር እስኪታወቅበት ድረስ መንገደኛ ነው። በ1911 ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩና ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለመልእክት ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ይኸው ውል በተከፈተው ግንኙነት ነበር።

ይህን መንፈስ የለወጠው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። መንግሥታት ሰላይ በመፍራት ያጠበቁት የፓስፖርትና የቪዛ ቁጥጥር ከጦርነቱ በኋላም ቀረ። በጥቅምት 1913 የመንግሥታቱ ማኅበር በፓሪስ በጠራው ጉባኤ፣ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረው ነጻ ጉዞ መመለስ የሚመኙት ነገር መሆኑ ተነገረ፤ ለጊዜው ግን የፓስፖርቱ ደብተር አንድ ወጥ ቅርጽ እንዲኖረው ተመከረ። ለጊዜው የተባለው ነገር ይኸው መቶ ዓመት አለፈው።

1916 ዓ.ም. በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በመስከረም ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች፤ ከሌሎች ነጻ መንግሥታት ጋር እኩል ተቀመጠች። በዚያው ዓመት በግንቦት አሜሪካ አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት በተወሰነው ኮታ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ይህም ዝቅተኛው መጠን ነው። ለርእሳችን ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ሕጉ ያጸናው ክፍፍል ነው። ከዚያ በኋላ ተጓዥ ሁለት ዓይነት ሆነ፤ ለመኖር የሚመጣና ለጊዜው የሚጎበኝ። የመለየቱም ሥራ ከወደቡ ተነሥቶ በተጓዡ አገር ለተቀመጠው ቆንስል ተሰጠ።

በ1944 የወጣው ሕግ የመጨረሻውን እርምጃ ወሰደ። በአመልካቾች ዘንድ «214 ቢ» በሚል ስም የታወቀው አንቀጽ፣ የጉብኝት ቪዛ አመልካች ተቃራኒውን ለቆንስሉ እስኪያስረዳ ድረስ ለመኖር እንደሚሄድ ሰው እንዲቆጠር ያዝዛል። የማስረዳት ሸክም በመንገደኛው ላይ ተጣለ ማለት ነው። በምኒልክ ውል መንፈስ እና በዚህ አንቀጽ መካከል ያለው ርቀት 48 ዓመት ብቻ ነው።

ምሁራን በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ክስ አለ። ቤልጅጋዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኧርነስት ማንዴል በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲናገር ተጋብዞ ሳለ በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት መግቢያ ተከለከለ። የጋበዙት ፕሮፌሰሮች «የመስማት መብታችን ተነካ» ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ፈረደባቸው፤ መንግሥት ሕጋዊና ቅን መስሎ የሚታይ ምክንያት እስካቀረበ ድረስ ፍርድ ቤት ከዚያ አልፎ አይመረምርም አለ። የቪዛ ውሳኔ ይግባኝ የማይደርስበት የሆነው እንዲህ ባሉ ፍርዶች ነው።

በእኛስ በኩል? ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት የሄደው ኢትዮጵያዊ በአመዛኙ ይመለስ ነበር፤ አገሩ ሹመትም ተስፋም ነበራትና። ከ1966 በኋላ ያ ታሪክ ተሰበረ። ደርግ የመውጫ ቪዛን ጥብቅ ቁልፍ አደረገው፤ የወጣውም መመለስን ፈራ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 በፈለጉት ጊዜ ከአገር የመውጣትን ነጻነት አወጀ። የገዛ አገር በር ሲከፈት ግን የውጭው በር ጠብቆ ቆየ። በ1983 በወጣው የአሜሪካ ሕግ የተፈጠረው ዲቪ ደግሞ እንግዳ ነገር አመጣ፤ ለዘለዓለም መኖር የሚፈልግ ሰው ዕጣ ይወጣለት ጀመር፣ ለሁለት ሳምንት ልጁን ሊጠይቅ የሚፈልግ አባት ግን ላለመቅረቱ ማስረጃ ይቆጥራል።

ማስረጃው ምንድን ነው? የባንክ ሒሳብ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ። እዚህ ላይ ወደ ሽሮ ሜዳ ልመለስ። አንድን ሸማኔ ከሰፈሩ የሚያስተሳስረው ምን እንደሆነ ብትጠይቁት ዕቁቡን፣ ዕድሩን፣ ማኅበሩን፣ በእጁ ያለውን ትእዛዝ ይነግራችኋል። ዕድሩን ጥሎ የጠፋ ሰው ለቅሶው ላይ ማን ይቆምለታል? ይህ ከማንኛውም የባንክ ወረቀት የጠነከረ ገመድ ነው፤ ሆኖም ገመዱ በቅጽ ላይ የሚሞላበት ሳጥን የለውም። አንድ የማውቀው ወጣት ተመራማሪም ለአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጥናቱ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ቪዛውን በአንድ ኤምባሲ ተከለከለ። ጽሑፉን በሌለበት ሌላ ሰው አነበበለት። ያላገባ፣ ቤት የሌለው፣ ደመወዙ ትንሽ መሆኑ እንደ ጥፋት ተቆጠረበት፤ ወጣት ምሁር መሆን ማለት ግን እነዚህን ሦስቱን መሆን ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፍርዱ ከግለሰብ አልፏል። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎቹን በመቀበል በበቂ አልተባበረም በማለት፣ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ አደረገ። በሐምሌ 2017 አሜሪካ ለአብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ወሰነች። በቀጠሮው ሄዶ በቀጠሮው የተመለሰ ሰው መንግሥታት ያልተስማሙበትን ዕዳ ይከፍላል።

እኛም በር ጠባቂዎች መሆናችንን አንርሳ። ኢትዮጵያ በ2011 ለአፍሪካውያን ሁሉ በመድረሻ ቪዛ መስጠት መጀመሯ፣ ከዚያ ቀደምም በ1994 በወጣው አዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ መግባትን መፍቀዷ፣ በሩ በሕግ እንደሚጠብብ ሁሉ በሕግ እንደሚሰፋ ያሳያል።

መደምደሚያዬ አጭር ነው። የተከለከለ አመልካች ከመስኮቱ ሲመለስ «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ታሪክ የሚመልስለት፣ ጥርጣሬው እርሱ ከመወለዱ በፊት በሕግ የተጻፈ መሆኑን ነው። ሰው የጻፈውን ሰው ሊያሻሽለው ይችላል፤ ለዚያ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የስኪነር ውል በቤተ መዛግብት ተጠብቋል፤ የክልከላው ወረቀት ግን በየቤቱ ይቀደዳል። የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚያን ወረቀቶችና የባለቤቶቻቸውን ቃል ሰብስቡ። ሥራው ከዚህ ግቢ ሽቅብ ጥቂት እንደተጓዛችሁ ይጀምራል።