መደበኛና ከፍተኛ ብቃት ያላቸው ሞተሮች በቀድሞዎቹ የአሜሪካ መኪኖች፦ የ1965ቱ ፎርድ መስታንግ እንደ ማሳያ

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዩናይትድ ስቴትስ የተመረቱ በርካታ የቤት መኪኖች በአንድ ስምና በአንድ ቅርጽ፣ ነገር ግን አቅማቸው በተለያየ ሞተሮች ለገበያ ይቀርቡ እንደነበር ይታወቃል። በመደበኛውና በከፍተኛ ብቃት ሞተር መካከል ያለውን ልዩነት በሞተሩ ይዘት ብቻ መመዘን ግን ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ያደርሳል።

ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ለሕዝብ የቀረበው ፎርድ መስታንግ ነው። ከ1964 መገባደጃ ጀምሮ የመኪናው መነሻ ሞተር 120 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን፤ ከዚያ በላይ 289 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 4 ነጥብ 7 ሊትር ይዘት ያለው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በሦስት ደረጃ ይቀርብ ነበር። በ«ሲ» ኮድ የሚታወቀው 200፣ በ«ኤ» ኮድ የሚታወቀው 225፣ በ«ኬ» ኮድ የሚታወቀው ደግሞ 271 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው።

ይዘታቸው እኩል የሆኑት የ«ሲ» እና የ«ኬ» ሞተሮች በጉልበት በ71 የተለያዩት በውስጣዊ አሠራራቸው ነው። መደበኛው ባለ 2 ጉሮሮ ካርቡሬተር ሲኖረው «ኬ» ባለ 4 ጉሮሮ በመሆኑ ብዙ አየርና ነዳጅ ያስገባል። የእመቃ ምጣኔውም ከ9 ነጥብ 3 ወደ 10 ነጥብ 5 ከፍ ብሏል። የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ የተቃጠለውን ጋዝ በቀላሉ እንዲያስወጡ ተደርገው ተሠርተዋል።

መደበኛው ሞተር ሙሉ ጉልበቱን በደቂቃ በ4 ሺህ 400 ዙር ሲሰጥ፣ «ኬ» ግን 6 ሺህ ዙር ይጠይቃል። ይህን ፍጥነት ለመቋቋም የክራንክሻፍቱ መያዣዎችና የቢየላ ብሎኖች እንዲጠናከሩ ተደርጓል። በዘይት ግፊት ክፍተታቸውን ራሳቸው የሚያስተካክሉት የቫልቭ መግፊያዎችም በጠጣር መግፊያዎች ተተክተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጉልበት ዋጋ የሚያስከፍል ነበር። ጠጣር መግፊያዎች ክፍተታቸው በየጊዜው በባለሙያ መስተካከል ይኖርበታል። ከፍ ያለው እመቃም ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል። መደበኛው ሞተር ከፍተኛ የመጎተት ኃይሉን በ2 ሺህ 400 ዙር ሲያገኝ «ኬ» 3 ሺህ 400 ዙር ስለሚያስፈልገው፣ በከተማ ውስጥ ለሚደረግ የዘወትር ጉዞ መደበኛው ይበልጥ የተመቸ ነበር። ፎርድም ለ«ኬ» ሞተር የሰጠው ዋስትና ለ90 ቀን ወይም ለ4 ሺህ ማይል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ለሌሎቹ ሞተሮች ከተሰጠው እጅግ ያጠረ ነበር።

የእነዚህን ሞተሮች አኃዝ ከኋለኞቹ ጋር ለማነጻጸርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዚያን ዘመን ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ከመኪናው ውጭ፣ ጉልበት የሚሻሙ ተጓዳኝ መሣሪያዎች ሳይገጠሙለት ነበር። ከ1972 ሞዴል ጀምሮ የአሜሪካ አምራቾች መኪና ላይ እንዳለ ተሟልቶ የተለካውን የተጣራ ጉልበት መግለጽ በመጀመራቸው፣ ሞተሩ ሳይለወጥ እንኳ አኃዙ ዝቅ ብሎ ይታያል።

የ«ኬ» ሞተር በመስታንግ ላይ መገጠሙ በ1967 ሞዴል አብቅቷል። ዛሬ እነዚህ መኪኖች በሰብሳቢዎች ዘንድ ከመደበኛዎቹ የላቀ ዋጋ ስለሚያወጡ፣ በመደበኛ መኪና ላይ የ«ኬ» ዕቃዎችን ገጥሞ እንደ ዋናው ለመሸጥ የሚደረግ ሙከራ ለገዢዎች ስጋት ሆኗል። የመጀመሪያው ማጣሪያ የሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ አምስተኛው ምልክት ፋብሪካው የገጠመውን ሞተር ይገልጻል። በዚያ ቦታ «ሲ» የተጻፈበት መኪና የቱንም ያህል ጉልበት ቢጨመርለት ከፋብሪካ የወጣው በመደበኛ ሞተር ነው። ቁጥሩ ራሱም ሊቀየር ስለሚችል፣ ከሰነዱና ከሞተሩ ውስጣዊ ክፍሎች ጋር ሳይመሳከር ውል መፈጸም አይገባም።