ከምድጃ ጢስ እስከ ቆጣሪ፦ የጎጃም ደጋ አሮጌ ቤትና እድሳቱ

በማናቸውም አገር ቤት ሲሠራ በቅድሚያ የሚታሰቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ይኸውም ብርድን መከላከል፣ ዝናብን መመከትና እሳትን በደኅና መያዝ ነው። በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው አገር፣ ከሦስቱ ገዢው እሳት ነበረ። የቤቱ ቅርጽ፣ የጣራው ከፍታ፣ የመኝታው ቦታ ሁሉ የተወሰነው በመካከል በሚነደው ምድጃ ነው። ዛሬ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች የወላጆቻቸውን አሮጌ ቤት ሊያድሱና የኤሌክትሪክ መስመር ሊያስገቡ በሚመጡበት ጊዜ የሚገጥማቸው ችግር ከዚህ የሚመነጭ ነው። ቤቱ ለእሳት የተሠራ ነው፤ እነርሱ የሚያስገቡት ግን ሽቦ ነው። የሁለቱን ታሪክ ሳይመረምር እጁን የሚሰነዝር ባለሙያ፣ በጎ አሳቢ ቢሆንም እንኳ፣ ቤቱን ያፈርሳል፤ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

የቀድሞው ቤት አሠራር

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ከበስተሰሜኗ የሚታየው የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። የዓመቱ ዝናብ ወደ 1300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ የአገሩ ቤት ክብ፣ ጣራው ሾጣጣና ቁልቁለታማ፣ በሩ ዝቅተኛ ሆኖ ተሠራ። መስኮት አልነበረውም ለማለት ይቻላል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የጽድ ወይም የወይራ እንጨት በክብ ይተከልና ማገሩ በልጥና በሐረግ ይታሰራል። አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ ለብዙ ቀናት ይቦካል፤ እየተረገጠ ከላመ በኋላ ግድግዳው ይመረጋል፤ በመጨረሻም በእበት ይለቀለቃል። በመካከል ምሰሶ ይቆማል፤ ጣራው ተማግሮ በሣር ይከደናል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚፈጸመው በቅጥር ሠራተኛ ሳይሆን በደቦ ነው፤ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፣ ጎረቤት ጉልበቱን ያዋጣል። በውስጥ በኩል መደቡ፣ ጓዳው፣ ጎተራውና የከብቱ ጋጣ በአንድ ጣራ ሥር ይሰናዳሉ። የከብቱ ትንፋሽ እንኳ ለሌሊቱ ሙቀት አስተዋጽኦ ነበረው።

የምድጃው ጢስ መውጫ አልተበጀለትም፤ በክዳኑ ሣር ውስጥ ቀስ እያለ ተንኖ ይወጣ ነበር። ይህ ስንፍና አይደለም። ጢሱ ሣሩን ያደርቀዋል፤ ማሰሪያውን ከመበስበስ፣ እንጨቱን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። በጣራው ሥር የሚንጠለጠለው ጥቁር ጥቀርሻ የቤቱ መድኃኒት ነበረ ማለት ይቻላል። ዋጋውን የከፈሉት ግን እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ናቸው፤ ዓይናቸው በጢስ ሲያነባ፣ ሳንባቸው ሲጎዳ ኖሯል።

ጎጃም በድንጋይና በኖራ መሥራት ያልታወቀበት አገር አልነበረም። በንግሥት እሌኒ ዘመን የተመሠረተችው መርጡለ ማርያም፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን እንደገና ሲሠሩባት የተጠረበው ድንጋይ ፍርስራሹ ዛሬም ይመሰክራል። ነገር ግን ይህ ጥበብ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ ወደ ገበሬው ቤት አልገባም። ለገበሬው ቋሚው ነገር ርስቱ ነበረ፤ ቤቱን ግን እያንዳንዱ ትውልድ ያድሰዋል፤ ሲያረጅም አፍርሶ ከአጠገቡ ሌላ ይተክላል። ስለዚህ እድሳት ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው የሚታደስበት ዕቃ ነው።

ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በእንጨት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጋው ሁሉ ተስፋፋ። ጽዱና ወይራው እየተመናመነ ሲሄድ ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። በቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ለሻጩም ገንዘብ ያመጣል፤ ነገር ግን እርጥብ ሳለ ከተሠራበት ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ከመሬት ጋር የሚገናኘው እግሩም እንደ ጽድ አይጸናም።

ሁለተኛው ለውጥ ቆርቆሮ ነው። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የጣራ ቆርቆሮ በዋና ከተማው ቢበዛም፣ ጎጃም ከዓባይ በረሃ ማዶ በመሆኑ ዕቃው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን መውጣት ነበረበት። ስለዚህ በመጀመሪያ የቆርቆሮ ጣራ የመኳንንትና የአብያተ ክርስቲያናት ጌጥ ሆነ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ፣ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ ወዲህ የንጉሥ መናገሻ ነበረችና፣ የአዲስ ነገር መግቢያ በር እርሷ ነበረች። ወደ ገጠሩ ቆርቆሮ የደረሰው የመኪና መንገድ ከተከፈተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቆርቆሮ ከሣር ጋር ሲነጻጸር ዝናብን በሚገባ ይከለክላል፤ እሳትም በቀላሉ አይዘውም። ይሁን እንጂ ጢስ አያሳልፍም፣ ሌሊት ብርዱን፣ ቀን ሙቀቱን ያስገባል። ከክብ ቤት ጋር ስለማይስማማም ቤቱን ባለ አራት ማዕዘን አደረገው። ምድጃውም ከመካከል ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እናቶች ከጢስ ዕረፍት አገኙ፤ እንጨቱ ግን ጠባቂውን አጣ።

የኮረንቲ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ የበራው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መብራቱ ከዋና ከተማውና ከጥቂት ቦታዎች አልራቀም። የጎጃም ገበሬ በምድጃው ነበልባል፣ በኋላም በኩራዝ ይጠቀም ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ወረራ ደብረ ማርቆስን የጦር ሰፈር አደረጋት፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በድል ገቡባት። ወራሪው ሲባረር የሥራ ቃላቱ ግን በአናጢው፣ በግንበኛውና በኤሌክትሪክ ሠራተኛው አፍ ቀሩ። ኮረንቲ፣ ስፒና፣ ባልቦላ፣ ሲሚንቶ፣ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት የሚሉት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አምፖል ከፈረንሳይኛ፣ ሶኬት ከእንግሊዝኛ ተገኙ፤ ቆጣሪ፣ ማብሪያና ማጥፊያ ግን ከራሱ ከአማርኛ ወጡ። አንድ ባለሙያ በአንድ ክፍል ውስጥ ሽቦ ሲዘረጋ የሚናገራቸው ቃላት የአገሪቱን የመቶ ዓመት ታሪክ ይዘው ይገኛሉ።

በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ፣ በ1966 ዓ.ም. የፊንጫ ኃይል ማመንጫዎች ሥራ ጀመሩ። ጢስ ዓባይ በዚያን ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ለነበረችው ለባሕር ዳርና ለፋብሪካዋ ብርሃንና ኃይል ሰጠ። ከዋናው መረብ ያልተገናኙት የጠቅላይ ግዛት ከተሞች በዲዝል ሞተር ሲጠቀሙ፣ መብራቱም ብዙውን ጊዜ ለተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ይበራ ነበር። ገጠሩ ሰፊ ድርሻ ማግኘት የጀመረው ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓባይ ግድብ ተመረቀ።

ይህ መዘግየት የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ እንኳ የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት በ1935 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም መብራት የነበረው ከአሥር የእርሻ ቤቶች አንዱ ያህል ነበር። በአውሮፓ ገጠር አሮጌ ቤት የሚገዛ ቤተሰብ ዛሬም በድንጋይ ግድግዳ ላይ በጎማ ተለብጦ በጨርቅ የተጠለፈ፣ ከእርጅና የተነሣ ሲነኩት የሚፈረፈር ሽቦ ያገኛል። በዚያም አገር ቢሆን ሽቦ በየትውልዱ መለወጥ ያለበት ዕቃ መሆኑ የታወቀው ብዙ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ቤቱ የማን ነው?

ቤት የሚታደሰው ባለቤቱ ነገ በእጁ እንደሚቆይ ሲያምን ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። በከተማ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያፈስም፤ ቀበሌውም ከዚያች ኪራይ ለእድሳት የሚተርፍ ብዙ አያገኝም። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ የጭቃ ቤቶች ያረጁት በዝናብ ብቻ ሳይሆን ተቆርቋሪ በማጣትም ነው።

በገጠር ደግሞ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ መጣ። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ማገሩን ተሸክሞ በመሥመር ወደ ተቀየሰው መንደር ሄደ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙው ያንኑ እንጨት ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ሁለት ጊዜ የተነቀለ እንጨት እንደ መጀመሪያው አይቆምም። ስለዚህ ዛሬ የአባት ቤት ተብሎ የሚታደሰው ቤት ብዙ ጊዜ ከሦስት ዘመን ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ብዙ ልጆች ወደ ውጭ አገር ተሰደዱ። የሌላ አገር ዜግነት የያዙትን የትውልደ ኢትዮጵያውያንን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 270 በ1994 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ወደ አገር መመላለስና ንብረት ማፍራት ቀለለላቸው። ገንዘብ ተዋጥቶ የእናት ቤት እንዲታደስ የሚታሰበው በዚህ ጊዜ ነው። ልጆቹ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና የኤሌክትሪክ ምጣድ ይመኛሉ፤ እናት ግን ልጆቿን የወለደችበት መደብና ምድጃ እንዳይነካባት ትለምናለች። በባለሙያው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

የእድሳቱ ሥርዓት

እድሳት የሚጀመረው ከሽቦ ሳይሆን ከእንጨቱ እግርና ከጣራው ነው። የበሰበሰው እግር ተቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ መቀመጥ፣ በዙሪያውም የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ይገባዋል። የጭቃ ግድግዳ በጭቃ ይጠገናል። ብዙ ቤተሰብ ክብር መስሎት ግድግዳውን በሲሚንቶ ያስለስናል፤ ሲሚንቶው ግን እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ በጥቂት ክረምት ውስጥ ልስኑ ተገሽልጦ ሲወድቅ በስተኋላው ያለው እንጨት ተበልቶ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የመስመሩ ሥራ ይከተላል። የ60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ከሩብ አምፔር እምብዛም የማይበልጥ ኮረንቲ ይወስዳል። የ3500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ወደ 60 አምፖሎች የሚጠጋ ነው። ለአንድ አምፖል ተብሎ ከጎረቤት ቆጣሪ በተሳበ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ የሚሰካ ሰው ሽቦውን ራሱን ምድጃ አደረገው ማለት ነው። በተቃጠለ ባልቦላ ፈንታ የመዳብ ክር የሚያስር ደግሞ የመጨረሻውን ዘብ አባረረ። ስለዚህ ምጣዱ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን የሚነሣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ማቋረጫ ሊኖረው ግዴታ ነው።

ሽቦ በጭቃ ውስጥ ራቁቱን አይቀበርም፤ ጭቃ በክረምት ይረጥባል፣ አይጥም ይቦረቡረዋል። በግድግዳው ላይ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ቢዘረጋ ለእይታ ባያምርም ብልሽቱ ይታያል፣ ጥገናውም ይቀልላል። በቆርቆሮው ሥር የሚያልፈው ሽቦ ልባሱ ከተላጠ ጣራው በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል፤ ዝናብ እየወረደ ቆርቆሮውን ወይም ከእርሱ ጋር የተያያዘውን የልብስ ማስጫ ሽቦ የሚነካ ልጅ ይሞታል። ስለዚህ ጣራውን ከመሬት መስመር ጋር ማያያዝና ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያ ማስገባት ቅንጦት አይደለም። የመሬቱ ዘንግ የሚተከልበትም ቦታ ይመረጥ። የጎጃም መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በሐምሌ ጥሩ ሆኖ የተለካ ዘንግ በመጋቢት ከአፈሩ ተላቅቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መለካት የሚገባው በደረቁ ወራት ነው።

የምድጃው ነገር ይቀራል። ምጣዱ በጓሮ ወጥ ቤት ከገባ በኋላ አሮጌው ምድጃ እንዳለ ቢተው የሚጎዳ የለም፤ የጭስ መውጫ ተበጅቶለት በበዓል ቀን ቡና ቢፈላበት እናትም ደስ ይላታል፣ እንጨቱም ከቀድሞ ጠባቂው ፈጽሞ አይለይም። ልጆቹ በሠሩበት አገር የለመዱት ማብሪያ በግድግዳው ላይ፣ እናት የለመደችው እሳት በመካከሉ ሆኖ አንድ ቤት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል።

ደቦ ቤቱን ሲሠራ መሐንዲስ አልነበረውም፤ ነገር ግን ጢሱ፣ ሣሩና ጭቃው እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚጠባበቁ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዛሬ ቆጣሪ የሚተክል ባለሙያ የዚያ ዕውቀት ወራሽ ነው። ከሰው ቤት ገብቶ መስመር ሲዘረጋ አስቀድሞ ቀና ብሎ ጥቀርሻውን፣ ጎንበስ ብሎ የእንጨቱን እግር ይመልከት፤ ከዚያ በኋላ መፍቻውን ያንሣ።