ከ11 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ፤ የላፕቶፕ አጭር ታሪክ

የተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፥ የታሪክ ክበባችን አባሎች ለዚህ መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር፥ አንዳንዶቻችን ስለ ጥንት ነገሥታት፥ ሌሎቻችንም ስለ ከተማችን አመሠራረት እንጻፍ ብለን ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፥ «እናቴ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላት ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ላፕቶፕ ልትገዛልኝ ቃል ገብታለች፤ ምን ዓይነቱን ልምረጥ?» ሲል ጠየቀን። ሁላችንም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመርን፤ የተስማማንበት ግን አንድም ነገር አልነበረም። እንግዲያውስ መልሱን ከታሪክ እንፈልገው ተባለና ይህ ጽሑፍ ተጻፈ።

ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ አምና ከዚህ ተማሪ ቤት የወጣውን የአንድ ወንድማችንን ነገር እንንገረው። አባቱ ብዙ ጊዜ ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ ስክሪኑ ሰፊ፥ ፍጥነቱም የተመሰገነ ላፕቶፕ ገዙለት። ላፕቶፑ ከነቻርጀሩ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ባትሪውም ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ከመኝታ ቤቱ እስከ መማሪያ ክፍሉ ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ በቤተ መጻሕፍቱም በሶኬት አጠገብ ያሉት ወንበሮች ገና በማለዳ ይያዛሉ። ስለዚህ ላፕቶፑን በቁም ሣጥኑ ቈልፎበት፥ እንደ ቀድሞው በደብተር እየጻፈ ይማራል። ለፋሲካ በዓል በመጣ ጊዜ ይህንን ሲነግረን፥ አባቱ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ታሪኩም በብዛት የሚነግረን ስለ አሜሪካ ነው፤ ላፕቶፕን በኮሌጅ ግቢ ይዞ መዞር መጀመሪያ የተለመደው በዚያ ስለ ሆነ ነው።

የላፕቶፕን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሱቅ ይጀምራሉ፤ እኛ ግን ከአንድ ተማሪ እንጀምራለን። በ1968 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ይማሩ የነበሩ አላን ኬይ የተባሉ ወጣት ነበሩ። በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ፥ የራሱ ጠባቂዎች ያሉት ትልቅ መሣሪያ ነበር። እሳቸው ግን ሕፃናት እንደ ደብተር ይዘውት የሚዞሩት ኮምፒዩተር መሠራት አለበት ብለው አሰቡ። ያንን ለመሥራት የሚያስችል ጥበብ ገና ስላልነበረ፥ ምሳሌውን በካርቶን ሠሩ፤ ከዚያም በካርቶኑ ውስጥ ጥቃቅን የአረር ፍሬዎች እየጨመሩ፥ ምን ያህል ቢቀልል እንደማያስቸግር በእጃቸው መዘኑ። ያገኙት መልስ ከ2 ፓውንድ፥ ይኸውም ከ900 ግራም ገደማ፥ ማነስ አለበት የሚል ነበር።

በ1972 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሳሉ ሐሳባቸውን «ዳይናቡክ» ብለው ሰይመው ጻፉት። በጽሑፉም ውስጥ ሁለት ልጆች በሣር ላይ ሆነው ሲጫወቱበት ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ክብደቱን እስከ 4 ፓውንድ ከፍ አድርገውታል፤ ሊቅም ቢሆን ከመሐንዲሶች ጋር ሲውል ትንሽ መለሳለሱ አይቀርም። ቢሆንም የሚደንቀን፥ መሣሪያው ሳይኖር ክብደቱ አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ይህንን ቅደም ተከተል ገለበጡት።

በሚያዝያ ወር 1981 ኦስቦርን 1 የተባለው ኮምፒዩተር ለገበያ ቀረበ። ዋጋው 1,795 ዶላር፥ ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ፥ ስክሪኑ ከፖስታ ካርድ የምታንስ 5 ኢንች ነበረች። ሲዘጋ የስፌት መኪና ሣጥን ይመስላል፤ በአውሮፕላን ወንበር ሥር መግባቱም እንደ ትልቅ ነገር ተቈጥሮለት ነበር። በውስጡ ባትሪ ስለሌለው ሶኬት በሌለበት ቦታ አይሠራም። እንግዲህ ጠቦት ተሸክሞ እንደ መዞር ነው። የሆነ ሆኖ ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው፤ ኩባንያው ግን በ1983 ከሰረ። በ1983 ገበያ የወጣው የኮምፓክ ኮምፒዩተር ደግሞ ጭራሹን ወደ 13 ኪሎ ይመዝን ነበር።

የዛሬውን ላፕቶፕ መልክ ያመጣው በ1982 የወጣው ግሪድ ኮምፓስ ነው። ስክሪኑ በቁልፎቹ ላይ እንደ መጽሐፍ ሽፋን የሚታጠፍበትን አሠራር ያወጡለት እንግሊዛዊው ቢል ሞግሪጅ ናቸው። ክብደቱ 5 ኪሎ ገደማ ነበር። ነገር ግን 8,150 ዶላር ለመክፈል የሚችል ተማሪ ስላልነበረ፥ ወደ ጠፈር ሄደ እንጂ ወደ ኮሌጅ አልመጣም፤ የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵሮች ይዘውት በረዋል።

ከሁሉም ይልቅ እኛን የማረከን ግን በ1983 የወጣው ሞዴል 100 የተባለው ነው። በጃፓን አገር ኪዮሴራ ሠራው፤ በአሜሪካ ሬዲዮ ሻክ ሸጠው። ክብደቱ 1.4 ኪሎ ብቻ ነበር። የሚሠራው በማናቸውም ሱቅ በሚገኙ አራት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ሲሆን፥ እነዚሁ ድንጋዮች ወደ 20 ሰዓት ያህል ያሠሩት ነበር። ስክሪኑ የሚያሳየው 8 መስመር፥ በየመስመሩም 40 ፊደል ነው። ስዕል የለ፥ ቀለም የለ። የጋዜጣ ሪፖርተሮች ግን እጅግ ወደዱት፤ ምክንያቱም ከስብሰባ አዳራሽም ሆነ ከኳስ ሜዳ ወሬአቸውን ጽፈው በስልክ መስመር ወደ ጋዜጣቸው ሊልኩ ይችሉ ነበር። ቁልፎቹም እንደ ደኅና የጽሕፈት መኪና የተመቹ ነበሩ ይባላል። ይህ መሣሪያ በፍጥነቱ ማንንም አልበለጠም፤ ሆኖም ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ አብሮት ሄዷል።

ከዚያ በኋላ የቶሺባው ቲ1100 በ1985 በ4 ኪሎ መጣ። በ1989 ደግሞ የአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ ፖርታብል የተባለውን አወጣ። በዚህ ላይ ትንሽ እንቈይ። ስክሪኑ የጠራ፥ ባትሪውም ለብዙ ሰዓት የሚበቃ ነበር፤ ግን ያ ባትሪ በአውቶሞቢል ውስጥ እንዳለው ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ስለሆነ፥ ጠቅላላው ክብደት ከ7 ኪሎ በለጠ። ዋጋውም ከ6,000 ዶላር በላይ ነበር። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ፥ ገመዱ በሶኬት ላይ ቢሰካም ኮምፒዩተሩ አይነሣም። ገዢም አላገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1991፥ ይኸው ኩባንያ ስሕተቱን ተመልክቶ ፓወርቡክን አወጣ። ከነዚህም ትንሹ 2.3 ኪሎ ነበር፤ ቁልፎቹንም ወደ ስክሪኑ ገፋ አድርጎ፥ ከፊት ለፊታቸው ለእጅ ማሳረፊያ የሚሆን ቦታ ተወለት። ዛሬ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ የምናየው የእጅ ማሳረፊያ በሰፊው የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያው በ1991 የጃፓኑ ሶኒ የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ አቀረበ። ይህ ባትሪ በክብደቱ መጠን ብዙ ኀይል ስለሚይዝ፥ ያለ እርሱ የዛሬው ላፕቶፕ ባልኖረም ነበር። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጉድኢናፍ ሲሸለሙ ዕድሜያቸው 97 ነበር፤ ፈተና ወደቅሁ ብሎ ተስፋ የሚቈርጥ ጓደኛ ያለው ይህን ይንገረው።

አሁን ወደ ኮሌጆቹ እንምጣ። የፊላደልፊያው ድሬክሴል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ሁሉ የግል ኮምፒዩተር እንዲኖራቸው አስገደደና በ1984 ማኪንቶሽ አስገዛቸው፤ ያ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነበር። በ1993 በክሩክስተን ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ለመደበኛ ተማሪዎቹ በሙሉ ላፕቶፕ አደለ። በ1996 የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ገቢዎች የአይቢኤምን ቲንክፓድ መስጠት ጀመረ። መስጠት ይባል እንጂ የትምህርቱ ክፍያ አብሮ ከፍ ስላለ፥ የከፈሉት ወላጆች ናቸው። ተማሪው መኪናውን ይዞ ወደ ክፍል ቢሄድም፥ ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ሽቦ በግድግዳ ላይ ስለነበረ፥ ከግድግዳው ብዙ ሊርቅ አልቻለም። ይህንን እስራት ለመፍታት የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1994 በግቢው ያለ ሽቦ የሚሠራ መረብ መዘርጋት ጀመረ። በ1997 ዋይፋይ የተመሠረተበት ደንብ ወጣ፤ በ1999 ደግሞ የአፕል አይቡክ ይህንን ለብዙው ሕዝብ አደረሰው። አይቡኩ እንደ ቦርሳ የሚያዝበት እጀታ ነበረው፤ 3 ኪሎ ለሚመዝን ነገር እጀታ ማበጀታቸው ተገቢ ነው።

በዚሁ በ1999፥ እኛን በይበልጥ የሚመለከት ነገርም ሆነ፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሰሌዳ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር መምህሮቻችን ያስታውሳሉ።

ሽቦው ተቈርጦም የቻርጀሩ ገመድ ቀረ። ለዚህም በ2003 ኢንቴል ጥቂት ኀይል የሚበላና ከዋይፋይ ጋር የተዳበለ ሴንትሪኖ የተባለ አሠራር አመጣ። በ2007 የታይዋኑ አሱስ 920 ግራም የምትመዝን ኢ ፒሲ የተባለች ትንሽ ላፕቶፕ አወጣ፤ እነሆ ከ39 ዓመት በኋላ ዓለም ወደ አላን ኬይ የአረር ፍሬዎች ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን ቁልፎቿ እጅግ የተጠጋጉ፥ ሥራዋም የዘገየ ስለሆነ፥ እርሷና መሰሎቿ በ2013 ገደማ ከገበያ ጠፉ። በዚያው ዓመት በ2007 ለሕፃናት ተብሎ የተሠራው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ መመረት ጀመረ፤ ይህም ወደ አገራችን መጥቶ በአንዳንድ ተማሪ ቤቶች ታድሏል። ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ይነበብ ነበር፤ ብዙዎቹ የዛሬ ላፕቶፖች ይህንን አይችሉም። በ2008 ደግሞ ማክቡክ ኤር ከወረቀት ፖስታ ውስጥ ወጥቶ ለሕዝብ ታየ። ክብደቱ 1.36 ኪሎ፥ ዋጋው 1,799 ዶላር ነበር። ከኦስቦርን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በ27 ዓመት ውስጥ የተጨመረው 4 ዶላር ነው፤ የተቀነሰው ግን ከ9 ኪሎ በላይ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ አላን ኬይን ለመምሰል ወሰንን። ሦስት የካርቶን ሣጥኖች አዘጋጅተን፥ ከተማሪ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ሚዛን አሸዋ እየመዘንን ሞላናቸው፤ አንዱን በ1 ኪሎ፥ ሁለተኛውን በ1 ኪሎ ተኩል፥ ሦስተኛውን አምና እንደተገዛው ላፕቶፕ በ3 ኪሎ ተኩል። ከዚያም ሦስታችን ከመጻሕፍታችን ጋር አንድ ሳምንት ተሸክመናቸው ዋልን። በመጀመሪያው ቀን ከባዱን የያዘው ጓደኛችን እየሳቀ ይሮጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሣጥኑ የተገኘው በክፍሉ ውስጥ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ረሳሁት አለን። ባለ 1 ኪሎ ተኩሉ ግን እስከ ዓርብ ማታ ከባለቤቱ አልተለየም።

ስለዚህ ለጓደኛችን የሰጠነው ምክር ይህ ነው፤ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አስመዝን፤ ባትሪው በእውነት ስንት ሰዓት እንደሚቈይ ከተጠቀመበት ሰው ጠይቅ፤ ቁልፎቹን ቆመህ ሳይሆን ተቀምጠህ ሞክራቸው፤ ስለ ፍጥነቱ በመጨረሻ ጠይቅ። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቢኖር፥ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው መሆኑን፥ በቻርጀሩም ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከት።

የፊዚክስ መምህራችን ይህን ጽሑፍ አይተው፥ «የሥነ ሕንጻና የምሕንድስና ተማሪ ግን ብርቱ መኪና ያስፈልገዋል፤ ክብደቱን ይቻለው» ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ጓደኛችን የሚመኘው ግን ሕግ ነው።

ጓደኛችን ምክሩን ለእናቱ ባነበበላቸው ጊዜ፥ እሳቸው ስለ ዓመቶቹም ስለ ኩባንያዎቹም አንድ ነገር አልተናገሩም፤ ባለ 1 ኪሎ ተኩሉን ሣጥን ብቻ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው፥ በአንድ እጃቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ትንሽ ቈዩ። ዕጣው ገና አልወጣም። ሲወጣ ሣጥኑን ከነአሸዋው ወደ ሱቅ ይዘውት ለመሄድ ተስማምተዋል።