ከደባርቅ ወደ አክሱም ጽዮን፤ የሽማግሌዎች የመንገድ ዝግጅት

ከደባርቅና ከዳባት አገር ተነሥቶ ለኅዳር ጽዮን በዓል አክሱም በእግር መድረስ ለጎልማሳም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ጎልማሳውን ግን እርሻውና ልጁ ይይዙታል፤ ስለዚህ በወጣትነት የተሳለው ስእለት ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ልጅ ከተዳረ፣ ጠጕርም ከሸበተ በኋላ ነው። በእርጅና ወደ ቅዱሳን መካናት መነሣት በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሡ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር፤ አልተመለሱምም፤ ያረፉት በአርመን አገር ነው።

ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ነው። መንገደኛው ከዚያ ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ዛሬማን፣ አዲ አርቃይንና ማይ ጸብሪን አልፎ ተከዜን ይሻገራል፤ በሽሬም በኩል አክሱም ይገባል። ይኸውም ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። በየካቲት 1762 ዓ.ም. ከትግሬ ወደ ጎንደር የወጣው ጀምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው፣ የሊማሊሞ መንገድ እጅግ ጠባብና ጠመዝማዛ መሆኑን በመጽሐፉ ጽፎታል። እርሱ ያን ጊዜ ገና የ39 ዓመት ሰው ነበረ።

ከገደሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቆላው ነው። ተከዜ በክረምት ሞልቶ አያሻግርም፤ ወንዙ ጎደል ሲል ደግሞ ንዳዱ ይበረታል፤ ኅዳር 21 ቀን የሚውለውም በዓል ከዚህ ጊዜ ጋር ይገጥማል። አባቶች ምክንያቱን ሳያውቁ መጠንቀቂያውን ያውቁ ነበር፤ በወንዝ ዳር አያድሩም፤ ቆላውን ፈጥነው አልፈው ከፍ ካለ ስፍራ ያድሩ ነበር። የንዳዱ ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ መኖሩን ሮናልድ ሮስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር ያየው በ1889 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ቁልቁለቱ ጉልበቱን ለጨረሰው ሽማግሌ ፈጥነህ እለፍ ማለት ምን ይጠቅመዋል?

የስሜን ደጋ የገብስ አገር ስለሆነ ዋናው ስንቅ በሶ ነው። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በአቁማዳ ይያዛል፤ በመንገድም እሳትና ምጣድ ሳያስፈልገው በውኃና በጨው ይታሻል ወይም ይበጠበጣል። ጥርሱ ለረገፈ ሰው ከቆሎ ይልቅ የሚበጀው ይኸው ነው። ጭኮም ብርቱ ስንቅ ነበር፤ ነገር ግን በቅቤ የሚታሽ ስለሆነ ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ አይበላም። ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት የጾም ስንቅ ለብቻው መቋጠር አለበት። ሴቶች ይህን አይዘነጉም፤ ወንዶች ግን ይዘነጉታል።

ስንቁ ከመቋጠሩ አስቀድሞ ሽማግሌው ዕዳውን ይከፍላል፤ ከተጣላው ይታረቃል፤ በንስሐ አባቱና በምስክሮች ፊትም ይናዘዛል። ልጆቹ ይቅርብዎ ብለው ቢለምኑት አይፈረድባቸውም፤ ንዳድ ይዞት በበረሃ ቢቀር ለቅሶው የእነርሱ ነውና። የንስሐ አባቱም አቅሙን አይቶ የማሰናበት ወይም የመከልከል ፈንታ አለው። ይህ ነገር ከባድ ነው፤ የስእለትን ዋጋና የሰውን ጉልበት በአንድ ሚዛን መመዘን ነውና።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ከያዘ በኋላ በሊማሊሞ ገደል የመኪና መንገድ ሠራ፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙው ተሳላሚ ድካሙ ቀለለ። ነገር ግን ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በሰኔም ወር መጨረሻ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ያን ጊዜ ስእለት የነበረበት ሽማግሌ ጥያቄው ስለ ጉልበቱና ስለ ንዳዱ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ መሻገሪያ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሆነ።