የጓሳ ሜዳና ረግረግ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ከመነሣት በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ስሙን ያገኘው ምድሩን ከሸፈነው የጓሳ ሣር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለው ይህ ደጋ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። አብዛኛው ክፍሉ ዛፍ እምብዛም የማይታይበት ሜዳ ሲኾን በየዝቅታው ውኃ የቋጠሩ ረግረጎች ይገኛሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ቀይ ቀበሮ እና በርካታ የደጋ አእዋፍ መኖሪያቸው ነው።

ጓሳን በእግር ለማየት አንድ ቀን ይበቃል። ኾኖም ሥፍራው ባለቤት ያለው መሬት ነው። ሣሩና ውኃው እስከ ዛሬ የቆዩት ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ስለጠበቃቸው ነውና የጉዞው ዕቅድም ከጠባቂዎቹ ሥርዓት መነሣት ይኖርበታል።

የቀሮ ሥርዓት

ጓሳን የመጠበቅ ልማድ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚጀምር ይነገራል። አስቦ እና ጌራ የተባሉ ቀደምት አባቶች መሬቱን ለሁለት ከፍለው ያዙ፤ ሁለቱም ክፍሎች ሕዝቡ በመረጣቸው አባ ቀራዎች መተዳደር ጀመሩ። ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በበጋው ወራት የመክፈቻው ቀን ይታወጃል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ አቦ፣ ሰውም ከብትም ለቅቆ ይወጣል። ከታወጀው ቀን ውጭ የገባ ሰው ጽኑ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የቀሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሥፍራውም ለልቅ ግጦሽና ለአጨዳ ተጋለጠ። የአካባቢው ማኅበረሰብ ግን ቆይቶ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። ለመንዝ ገበሬ ጓሳ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ መጥረጊያ እና ዝናብ መከላከያ ገሳ ነው። በድርቅ ዘመን ደግሞ የከብት መጠጊያ ነው። ጎብኝው የሚረግጠው ሣር የአንድ ቤተሰብ የነገ ጣሪያ ሊኾን እንደሚችል አስቀድሞ መረዳት ይገባዋል።

የጉዞው ወቅት

ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፤ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ረግረጎቹ የክረምቱን ውኃ እንደያዙ ይገኛሉ። ሌሊቱ ግን ብርቱ ውርጭ አለው። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ጭጋግና ጭቃ ይበዛል። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ለምለም ቢኾንም መንገዱ ለተሽከርካሪም ለእግረኛም አስቸጋሪ ነው።

ሣሩ ለአጨዳ የሚከፈትበት ጊዜ ከጉዞው ጋር ሊገጣጠም ስለሚችል የማኅበረሰቡን ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚያው አጋጣሚ ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ ወቅታዊ መረጃ መውሰድ ያስፈልጋል።

አቀራረብና መነሻ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተጓዥ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ይጓዛል። ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ የመጣ ሰው አንድ ሌሊት በደብረ ብርሃን ወይም በመሐል ሜዳ ቢያድር ይመከራል፤ ሰውነቱ ከፍታውን ይለምዳል፣ ጉዞውንም በማለዳ ለመጀመር ይመቸዋል።

ወደ ሜዳው ከመግባት በፊት የመግቢያ ክፍያ መክፈልና የአካባቢውን መንገድ መሪ መያዝ ያስፈልጋል። ጭጋግ ሲወርድ በዚህ ሜዳ አቅጣጫ መለየት ያዳግታል፤ ጉብታው ሁሉ አንድ ይመስላል። ሜዳውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ግን ገደሉ የት እንደሚጀምርና ረግረጉ የት ጥልቅ እንደኾነ ያውቃል።

የቀኑ አከፋፈል

በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለኾነ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ ማቀድ አይመከርም። 12 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ አራት ሰዓት፣ ለዕረፍትና ለምልከታ ሁለት ሰዓት ቢመደብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ሰው 7 ሰዓት ላይ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ደመናና ጭጋግ ከገደሉ ሥር ሊነሣ ስለሚችል ሰፋ ያለ መጠባበቂያ ጊዜ መያዝ ጠቃሚ ነው።

የማለዳው ጉዞ በምሥራቁ የገደል ጠርዝ ቢጀመር መልካም ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ሣር ሊግጡ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከዚያ በክፍት ሜዳው ሲጓዙ ቀይ ቀበሮ የማየት ዕድል አለ። ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ የሚኖር በመኾኑ ጭላዳዎች በሚግጡበት አካባቢ ይዘወተራል። በጓሳ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከሙከራዎቹ 25 በመቶው የተሳካለት ሲኾን በጭላዳዎች መካከል ሲያድን ግን 67 በመቶው ተሳክቶለታል። በመኾኑም የጭላዳ መንጋ የተገኘበት ቦታ ላይ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ብዙ ከመዞር የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ረፋዱ ላይ ወደ ረግረጎቹ ዳርቻ መውረድ ይቻላል። ክንፉ ሰማያዊ የኾነው የደጋ ዝይ በዚህ ዓይነት ሥፍራ ይመገባል፤ ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች ውጭ አይገኝም።

ረግረጉን ስለ መሻገር

ረግረጉ ከላይ ሲታይ ጠንካራ ሜዳ ሊመስል ይችላል። ሲረገጥ ግን እግር እስከ ጉልበት ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ መሻገር ቀርቶ በዳርቻው መዞር፣ መሻገር ግድ ከኾነም በነባሩ የእግር መንገድ አንድ በአንድ ማለፍ ይገባል።

የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ከጎብኝው ጫማ መራስ ያለፈ ነው። የረግረጉ አፈርና ሣር የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ከጓሳ የሚነሡ ጅረቶች በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ፤ ከሥር ያለው ገበሬም በበጋ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚህ ውኃ ነው። ማሳውን ያጠፈፈ ገበሬ እንደሚያውቀው ትንሽ ፈሰስ ብዙ ውኃ ታወርዳለች። ረግረግ ላይ ደጋግሞ የተረገጠ መስመርም እንዲሁ ቦይ ይኾናል። ውኃው በዚያ ሲወርድ ሣሩ ይደርቃል፣ አፈሩም ይቦረቦራል።

ከዱር እንስሳት ጋር

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ትልቁ ሥጋታቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዚህም የተነሣ ውሻ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ በዙሪያው የሚኖሩ አርሶ አደሮችም ውሾቻቸውን ማስከተብ ለቤተሰባቸውም ለቀበሮውም ይጠቅማል። ለጭላዳ ምግብ መስጠት በእርሻ ላይ እንዲደፍር ያስተምረዋል፤ የዚህ ዕዳ የሚቀረው በገብስ ማሳው ባለቤት ላይ ነው። እሳት ማንደድም በደረቅ ሣር መካከል ትልቅ አደጋ አለው።

ልብስና ስንቅ

ጠዋት የሚያንቀጠቅጠው ብርድ ቀትር ላይ በሚያቃጥል ፀሐይ ይተካል። ስለዚህ የሚደራረብ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባርኔጣ እና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያስፈልጋል። በሜዳው ሱቅ የለም፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውኃ፣ ቆሎ፣ በሶ ወይም ዳቦ መያዝ ይበቃል። ላስቲክና የውኃ ጠርሙስ ተመልሶ ይወጣል። ጽኑ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ የተሰማው ሰው ጉዞውን አቋርጦ ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት።

ሲመለሱ ከመሐል ሜዳ ገበያ የመንዝ በግ ጸጉር ሥራ የኾነውን ባና ወይም በርኖስ መግዛት ይቻላል። የመግቢያው ክፍያም ኾነ የመንገድ መሪው አበል ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሣሩን ሳያጭድ፣ ከብቱንም ሳያስገባ ለሚጠብቅ ገበሬ፣ ጥበቃው ከወጪ በቀር ገቢም እንዳለው የሚያሳየው ይኸው ነው።